ለጀማሪ የሚሆን ቀይ ወይን

በዚያ የዳግም ትንሣኤ እሑድ ቤቴ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ እኔ፣ ወንዱ ልጄ፣ ታላቅ እህቱ፣ የእህቱ ባል፣ የንስሐ አባታችን፣ ከፊት ለፊቴ በር ያለችው ጎረቤቴ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን ከሁሉ የማስቀድመው፣ ወሬው ከወጣ በኋላ የኮንዶሚኒየሙ ሰው ሁሉ ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ የነበረ ይመስል ሲያወራ ስለሰማሁ ነው። እኔ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ነበር። መርጦ የገዛው ልጄ ነው። እንዴት ለመምረጥ እንደበቃ ካልተናገርኩ የዚያን ቀን ነገር የሚረዳልኝ የለም፤ ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ሥራዬ ባልትና ነው። በርበሬውን ከሾላ ገበያ እገዛለሁ፣ ቀንጥሼ አጥቤ አሰጣለሁ፣ አስፈጭቼ ከሽሮው ጋር አሽጌ ቦሌ ላሉ ሱቆች አስረክባለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደልና ቁጥር አይጠፋኝም፤ ከዚያ በላይ ያለውን እየጠየቅሁ ነው የኖርኩት። የልጆቼ አባት በአረቄ ሞተ። የሐኪሙ ወረቀት ጉበት ይላል፤ እኔ አረቄ እላለሁ። ሴቷ ልጄ ያኔ ነፍስ አውቃ ስለነበር፣ ከአጥር ሥር እያነሳች ደግፋ ስታስገባው የኖረችው እሷ ናት። ወንዱ ገና ሕፃን ነበር፣ ብዙም አያስታውስም።

ይኸው ወንዱ አድጎ የአሉሚኒየም መስኮት ገጣሚ ሆነ። ሰሚት ላይ የሚሠራ ሕንፃ ስለማይጠፋ እሱም ሥራ አላጣም። ደመወዝ በሚቀበልበት ቅዳሜ ግን ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ማምሸት ጀመረ። መጀመሪያ ድራፍት ነበር። ቆይቶ የአባቱ መጠጥ አፉ ላይ ሸተተኝ። ያንን ሽታ እኔ በሩ ሳይከፈት አውቀዋለሁ። ሰክሮ ሰድቦኝ አያውቅም፤ እንዳይቀሰቅሰኝ ጫማውን ደረጃው ላይ አውልቆ በእጁ ይዞ ነው የሚገባው። ግን ማን ተኝቶ? መኪና ቢገጨውስ፣ ቢደበድቡትስ፣ በማግስቱ ራሱ እንደዞረ ከሕንፃ ላይ ቢወድቅስ እያልኩ ነው የማነጋው። ጸበል ወሰድኩት። በንስሐ አባታችን ፊት መስቀል ይዞ ከአረቄ ማለ። አረቄውን በእርግጥ ተወ፤ ማምሸቱን ግን አልተወም፤ ቢራውም አለ፣ ጂኑም አለ።

የእህቱ መፍትሔ አጭር ነበር።

"በሩን ቆልፊበት።"

"ውጭ ቢያድርስ?"

"ይደራ። አንድ ቀን ብርድ ይምከረው።"

ብርድ ሰውን ምን ያህል እንደሚመክር አውቃለሁ። አባቱን ስንት ክረምት መክሮት ነበር።

ሽሮ ከማስረክብላቸው ሱቆች በአንዱ፣ ግድግዳውን ሙሉ ወይን የተደረደረበት መደርደሪያ አለ። ባለቤቷ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትርቅ፣ ምላሷ የፈጠነ ሴት ናት። አንድ ቀን ዕቃዬን ስታይ ቆየችና፣ "ምነው ዛሬ ሽሮውም አንቺም አረራችሁ?" አለችኝ። እውነትም ሳስብ ቆይቼ ቆሎው ከልኩ አልፎብኝ ነበር። ነገርኳት። እሷም ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

"እኔ ባሌን በምን እንደሰበሰብኩት ልንገርሽ? ቤቱ አጠጣሁት። ከምግብ ጋር፣ ቀይ ወይን፣ አንድ ብርጭቆ። ወይን ተቸኩሎ አይጠጣም። ደግሞ ከእናቱ ጋር ማዕድ ቀርቦ የሚጠጣ ልጅ ያፍራል።"

"እኔ ወይን አላውቅም፣ የኔ እመቤት።"

"ማን ከሆድ ይዞት ወጣ? ለጀማሪ የሚሆን አለ።"

የምትሸጠውን ዕቃ እያመሰገነች መሆኑ አልጠፋኝም። እኔም ሽሮዬን ሳላመሰግን ሸጬ አላውቅም። የጨነቀው ሰው ግን ሻጭንም ያምናል። ቢሆንም በግማሽ ልቤ ነበርና እሷ ያሳየችኝን ትቼ፣ መስኮቱ ላይ አቧራ ለብሶ የቆመውን አነሳሁ። ጠጅ ሲቆይ እንደሚበረታ፣ ቅቤም ሲቆይ ለመድኃኒት እንደሚፈለግ፣ ይኼም የቆየው ይሻላል ብዬ ነው።

"እሱ ይከብደዋል" አለችኝ።

"ይክበደው። ቶሎ ይበቃዋል።"

ቤት ስገባ መክፈቻ የለኝም። ቡሹን በቢላ ብሞክር ተፈረፈረ፣ በመጨረሻ በማማሰያው እጀታ ወደ ውስጥ ገፋሁትና በሻይ ማጥለያ አጠለልኩት። ልጄ ከሥራ ሲገባ ዶሮ ወጥ አሙቄ ወይኑን በማሰሮ መሳይ ጆግ አቅርቤ ጠበቅሁት። በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

"እማዬ፣ ማን ሊመጣ ነው?"

"አንተ።"

እኛ ቤት የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ግራ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ከአባቴ ቤት ይዤው የመጣሁት ወግ ነው። ጠላ ይሁን ጠጅ፣ ክፉ ነገር እንደሌለበት፣ እንዳልሆመጠጠ፣ በራስህ አፍ ትመሰክራለህ። ሳይቀምሱ መቅዳት የሚጠጣውን ሰው መናቅ ነው፤ ቀድቶ እንዳይቀምስ መከልከል ደግሞ የሚቀዳውን ሰው ሌባ እንደማለት ነው። ልጆቼ ሁለቱም በዚህ ነው ያደጉት። እናም ያን ቀን በመዳፌ ቀመስኩ። ቅጠሉ ውስጡ ተረስቶ ያደረ ሻይ የጠጣሁ መሰለኝ፤ ድዴ ተሰበሰበ፣ ምላሴ ከረከረኝ። ከዶሮው በርበሬ ጋር ሲገናኝማ እሳት ሆነ። ልጄ ሁለት ጊዜ ተጎነጨና ብርጭቆውን ወደ መብራት አንስቶ አየው።

"ሲሊኮን አልቆብን ነበር። ነገ መስኮቱን በዚህ እንለጥፈዋለን።"

ሳቅን። እኔና እሱ በማዕድ ላይ ከሳቅን ስንት ጊዜ ሆኖን ነበር።

ባለሱቋ ስነግራት አልተገረመችም። ፀሐይ ላይ የሚቆም ጠርሙስ ለዓይን እንጂ ለአፍ እንዳልሆነ፣ ሁሉም ወይን በመቆየት እንደማይሻል ነገረችኝ። እኔም ተቆጥቼ በሁለተኛው ጊዜ "በጣም ጣፋጩን ስጪኝ" አልኳት። ያ ደግሞ ሌላ ጥፋት ሆነ። የሕፃን ሽሮፕ ነው የሚመስለው። ልጄ እንደ ጭማቂ ሳብ ሳብ አደረገው፣ እኔ ዳቦ ልቆርስ ገብቼ ስመለስ ጠርሙሱ ተጋምሷል። ብርጭቆውን ነጠቅሁት። ስኳሩ የመጠጡን ጉልበት እንደሚሸፍነው ያኔ ነው የገባኝ፤ ለጀማሪ የሚያስፈራው የሚመረው ብቻ እንዳልሆነ።

ከዚያ በኋላ አርፌ ሰማኋት። ከጠርሙሱ ጀርባ የአልኮሉ ቁጥር አለ፣ ዝቅ ያለውን ያዢ አለችኝ። ቁጥር ደግሞ የማነበው ነገር ነው። "መካከለኛ ጣፋጭ" ከሚለው ጀምሪ፤ ምላሱ ሲለምድ ደረቅ ወደሚሉት፣ ስኳር ወደሌለባቸው፣ ቀስ እያልሽ ታሳልፊዋለሽ፤ ከእነሱም ቢሆን ለስለስ ያለውን፣ ድድ የማይሰበስበውን። መክደኛው እንደ ውኃ ጠርሙስ የሚዞር ቢሆን ርካሽ ነው ብለሽ አትሸሺ። ከመቅረቡ በፊት ጥቂት ፍሪጅ በር ላይ አቆዪው፣ በጣም ግን አታቀዝቅዢው። የተከፈተ ጠርሙስ ምድጃ አጠገብ አታኑሪ። ይህንን የመጨረሻውን ያወቅሁት አንዱን ኮምጣጤ ካደረግሁት በኋላ ነው።

ምግቡንም መለወጥ ነበረብኝ። በርበሬና ወይን አይዋደዱም፤ ቢዋደዱም ለለመደ ሰው ነው። ስለዚህ አልጫ፣ ቅቅል፣ ሚጥሚጣ ያልነካው የበግ ጥብስ መሥራት ያዝኩ። በርበሬ ሸጬ ያሳደግሁትን ልጅ ያለ በርበሬ አበላሁት። በጾም ቀን ጠርሙሱ አይወጣም፤ እሱም አይጠይቅም።

እና መጣ። ቅዳሜም ሳይቀር መጣ። ታጥቦ፣ የሥራ ከነቴራውን ለውጦ፣ በጊዜ ማዕድ ይቀርባል። አንድ ብርጭቆ፤ አንዳንዴ የተረፈች ጠብታ። ጓደኞቹ ይደውሉለታል፣ እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ ያደርገዋል።

"አንተ፣ ጡጦህን ጨረስክ?" ይሉታል።

"ጨርሻለሁ። ነገ ደግሞ ይሰጠኛል።"

እኔን ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ጠርሙሱን የሽሮ ጆንያ ውስጥ እቀብረዋለሁ፣ ወይኑ የደረሰበት ቦታ ላይ ደግሞ ክር አስርበታለሁ። ያውቃል። አንድ ቀን ብርጭቆውን እያነሳ፣ "እማዬ፣ ክሩን ትንሽ ዝቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ሽሮውም ይጠጣል" አለኝ። አልተቀየመም። እንዲያውም ጠርሙስ ባመጣሁ ቁጥር ጽሑፉን የሚያነብልኝ እሱ ሆነ። ይኼ የአገራችን ነው፣ ይኼ የውጭ ነው፤ ይኼ የባለፈው ዘመድ ነው፣ ይኼ ይጎረብጣል። የአባቱን አረቄ ቀምሶ ለነበረ ልጅ የወይን ዓይነት ማወቅ ምን ይረባዋል የሚል ሰው ይኖራል። እኔ የማውቀው ልጄ ከክረምቱ ጀምሮ ማዕዴ ላይ መክረሙን ነው። ለእህቱ ግን አልነገርኳትም። የአባቷ ነገር ያልሻረላት ልጅ ናት፤ አትረዳኝም ብዬ ነው።

የዚያን የዳግም ትንሣኤ ወይን እሱ ገዛው። በራሱ ደመወዝ፣ ራሱ ቦሌ ሄዶ። ባለሱቋ በኋላ እንደነገረችኝ መደርደሪያው ፊት ብዙ ቆመ፣ የእያንዳንዱን ጀርባ እያዞረ አነበበ፣ የእሷን ምክር አልጠየቀም። አምጥቶ ሲሰጠኝ፣ "አልጫው ጋር ነው የሚሄደው፣ ዶሮው ጋር እንዳትሰጫቸው" አለኝ። ይህን ሲል ፊቱን ብታዩት።

የንስሐ አባታችን ጸበል ረጩልን፣ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ጎረቤቴ ሰሐን ታመላልሳለች። ሴቷ ልጄና ባሏ ሶፋው ላይ ናቸው። አማቼ ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ስብሰባው ሁሉ በየሆቴሉ ስለሆነ የመጠጥ ስም ያውቃል። ጠርሙሱን አነሳና አገላበጠው።

"ይኼን ማነው የመረጠው?"

"እኔ ነኝ" አለ ልጄ።

"የጀማሪ ነው እኮ። ኮካ እየቀላቀሉ የሚጠጡት።"

"ጀማሪ ነን፣ ጋሼ። ኮካ ካማረህ ፍሪጅ ውስጥ አለ።"

ጎረቤቴ ሳቋ አመለጣት፣ አባም በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈን አደረጉ። አማቼ አልሳቀም። እኔም ደስ አላለኝም፤ የሚያስቅ ነገር መጨረሻው ያስፈራኛል።

ልጄ ተነሳ። ጠርሙሱን ከፈተ፣ ብርጭቆዎቹን ደረደረ፣ ግራ መዳፉን እንደ ወጉ ጎድጎድ አደረገ። በዚህ ጊዜ እህቱ ከሶፋው ብድግ አለች።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ሊቀምስ ነዋ" አለቻት ጎረቤቴ። "አሳላፊ አይደለም እንዴ?"

"እሱ አይቀምስም። ሌላ ሰው ይቅመስ።"

የጠርሙሱን አንገት ያዘች። እሱም አልለቀቀም፣ አልሳበም፤ እንዲሁ ቆመ። መዳፉ እንደተዘረጋ ነው።

"አባ፣ በእርስዎ ፊት ምሎ አልነበረም?" አለቻቸው።

"የማለው ከአረቄ ነው ልጄ። ተዪው፣ ቀምሶ ይቅዳ።"

ልጄ ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ ነው፣ ይመስለኛል ትንሽም ኮርቶ፣ "እኔ እኮ ከእማዬ ጋር እየጠጣሁ ነው የከረምኩት። አንድ ብርጭቆ፣ ከራት ጋር" አላት። ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ነበር የሚናገረው። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ነሽ የምታጠጪው?"

"ከምግብ ጋር ነው" አልኩ።

"አባቴን መቅበርሽ አልበቃሽም?"

አማቼ ሶፋው ላይ እንደተደገፈ፣ በዚያ ሁልጊዜ በማይለየው አክብሮቱ፣ "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለሰካራም ወይን አስመርጠው ነው እንዴ እንግዳ የሚያስተናግዱት?" አለኝ።

ጠርሙሱን ከሴት ልጄ እጅ ወሰድኩት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ። ለልጄ ሰጠሁት።

"ቅዳ፣ ልጄ። ቅመስና ቅዳ።"

ተቀበለኝ። መዳፉን አየው። ከዚያ ምንም ያልፈሰሰበትን እጁን በሱሪው ጠርጎ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። "በእኔ የተነሳ ማዕድ አይበላሽ፣ እማዬ" አለና የአባን መስቀል ተሳልሞ ወጣ። እስከ ደረጃው ተከተልኩት። ትንሽ ንፋስ ተቀብሎ እንደሚመለስ ነገረኝ፤ ሲወርድ ግን ዞሮ አላየኝም።

ስመለስ ያየሁትን ነው የማልረሳው። አማቼ ይቀዳል። አልቀመሰም፤ ዝም ብሎ ለራሱ፣ ለሚስቱ፣ ለጎረቤቴ ቀዳ። ጎረቤቴ ብርጭቆውን አልነካችም። አባም አልጠጡም፣ ራሴን አሞኛል ብለው ቶሎ ተነሱ። ባልና ሚስቱ ግን ጠጡ። ከአልጫው ጋር ጠጡ። አማቼ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ፣ "ለነገሩ አይከፋም" አለ። ሴቷ ልጄም "ለስለስ ያለ ነው" አለችው። ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን ተቀመጡ። እኔ እንግዳ አባርሬ ስለማላውቅ ተጨማሪ እንጀራ አቀረብኩላቸው።

አመሻሽ ላይ ልጄ ተመለሰ። በሩን ስከፍትለት እንደ ልማዴ ጠጋ አልኩት። ገባው።

"አልጠጣሁም፣ እማዬ።"

አልጠጣም ነበር። ይህን ለሚያወራው ሁሉ እነግራለሁ፦ ያን ቀን ጠጥተው የገቡት ሌሎች ናቸው። ራት አቀረብኩለት፤ በልቻለሁ አለኝ። ውሸቱን እንደሆነ አውቄያለሁ፤ አልተከራከርኩትም።

በማግስቱ በርበሬ ልገዛ ሾላ ሄድኩ። ስመለስ የሥራ ዕቃው የሚቀመጥባት ቦርሳ ከበሩ ጀርባ የለችም። የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትቶልኛል፤ ሁለት ሸሚዝና ጃኬቱን ወስዷል፣ ብርድ ልብስ አልወሰደም። ስልኩ አይሠራም። የሚሠራበት ሕንፃ ሄድኩ፤ ሒሳቡን ተቀብሎ መሄዱን ነገሩኝ። ጡጦ ይሉት የነበሩት ጓደኞቹም አላዩትም፤ እንዲያውም ከመካከላቸው አንዱ አብሮኝ እስከ ታክሲው ድረስ ሸኝቶኛል።

የጎረቤቴ የአጎት ልጅ ላምበረት መናኸሪያ ቦርሳውን ታቅፎ አውቶቡስ ሲጠብቅ እንዳየው ተናገረ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀውም። ሰላም ብሎት አለፈ፤ ምን ያድርግ፣ አያውቅም።

እህቱ እስካሁን የምትለኝ አንድ ነገር ነው፦ "ብሩ ሲያልቅ ይመጣል፤ አባቴም እንደዚያው ነበር።" እኔ ደግሞ ልጄ አባቱን እንዳልሆነ ክረምቱን ሙሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየችውን እንዴት እንደማሳያት ግን አላውቅም። በዓል ሲሆን ትመጣለች፣ እቀበላታለሁ። ለስላሳ ነው የማቀርበው። ባሏ "እማማ፣ ዘንድሮ ወይኑ የት ሄደ?" ብሎ ሊቀልድ ሲጀምር ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ወንዱ ልጄ ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ከላምበረት በሚወጣው በሰሜን ምሥራቅ መንገድ፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት ወይም በደሴ ያላችሁ፣ አዲስ ሕንፃ ላይ መስኮት የሚገጥም፣ ቀጠን ረዘም ያለ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ ፊቱ ሳይስቅ ሰው የሚያስቅ ልጅ ካጋጠማችሁ፣ ደኅና መሆኑን ንገሩኝ። ይምጣልኝ አላልኩም። ይጠጣል ወይ ብዬም አልጠይቃችሁም። የሚያድርበት ቤት አለው ወይ፣ ራቱን ከሰው ጋር ነው ወይስ ብቻውን የሚበላው፣ ይህችን ብቻ ንገሩኝ።